«ሲሚየን» የሚል ቃል አድራሻው ላይ ቢኖር ጎግል ያስቀድመናል?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ ድረ ገጽ ላይ የራሱ ገጽ አለው። የዚህ ገጽ አድራሻ የሚያልቀው በቁጥር 9 ነው። በእንግሊዝኛው ስሙ «ሲሚየን» አይልም፤ «ኢትዮጵያ» አይልም፤ ተራራ፣ ዋልያ፣ ጭላዳ የሚል ነገር የለበትም። መጀመሪያ የዓለም ቅርስ ማዕከሉ ስም፣ ቀጥሎ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚናገሩ ሁለት ፊደሎች፣ ቀጥሎ «ሊስት»፣ ከዚያ 9፤ አለቀ። ቁጥሩ የመዝገብ ቁጥር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ ቁጥር ነው፤ በዚያው ዓመት የተመዘገበው ላሊበላ ደግሞ 18 ነው። እንዲህም ሆኖ የፓርኩን ስም በእንግሊዝኛ ጎግል ላይ የጻፈ ሰው ይህን በ9 የሚያልቅ ገጽ ከፊተኞቹ ውጤቶች መካከል ያገኘዋል።

ወደ ጎንደር ብንወርድም ያው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ዩኦጂ ነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ» ነው። ጎንደር የሚለው ስም ጭራሽ የለበትም፤ ሦስት ፊደል ምሕጻረ ቃል ብቻ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲውን በስሙ የፈለገ ሰው ግን ሳይቸገር ያገኘዋል።

እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምኩት «ድረ ገጽህ ጎግል ላይ እንዲቀድም ከፈለግህ ቃሉን አድራሻው ላይ አስገባው» የሚለው ምክር ከአስጎብኚው፣ ከባለሆቴሉ፣ ከመኪና አከራዩ ዘንድ ስለደረሰ ነው። ድረ ገጽ እንሠራለን ከሚሉት አንዳንዶቹም ይህንኑ እየነገሩ ያስከፍላሉ። «ሲሚየን»፣ «ትሬኪንግ»፣ «ቱር»፣ «ቤስት»፣ «ቺፕ» እያሉ ቃሉን በሰረዝ ቀጣጥለው አንድ ረጅም አድራሻ ያስመዘግቡለታል። ሰውየውም አንደኛ እሆናለሁ ብሎ ይጠብቃል። በሰሜን ተራሮች ወዳለው ቡይት ራስ እንግዳ በብዛት የሚወጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ኮሮናና ጦርነት ደግሞ ያችንም ወቅት ለዓመታት ነጥቀውታል። ከዚህች ገቢ ላይ ተነሥቶ የሚከፈል ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አስጎብኚው በትክክል ማወቅ ይገባዋል፤ ይህን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

አድራሻን ለመረዳት እዝባሯን (/) መፈለግ ይበቃል። እንዲህ ያለ አድራሻ አለ እንበል፦ ማኅበራችን.ኮም/ትሬኪንግ/ቡይት-ራስ-ሳንቃበር። በተግባር የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች በእኛው ፊደል አስቀመጥኩት። ከፊት https:// ካለ እሱን ሳንቆጥር፣ ከመጀመሪያው እዝባር በስተግራ ያለው ዶሜን ይባላል። ዶሜን በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ አንድ ሰው ከያዘው ሌላው አይወስደውም። ከእዝባሩ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ገጽ በነፃ የሚያወጣው ስም ነው። ሻጮቹ ሁለቱን አንድ አድርገው ያወራሉ። ገንዘብ የሚወጣው ግን በግራው ላይ ነው፤ ኋላ እንደምናየው ለአንባቢ የሚጠቅመው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በቀኙ ነው።

ጎግል አንድን ገጽ እንዴት እንደሚያገኘው ካየን የቃሉ ክብደት ራሱ ይገባናል። ቀን ከሌት ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ፕሮግራም አለው፤ የሙያው ሰዎች «ቦት» ይሉታል። ቦቱ አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጽሑፉን ያነባል፣ እዚያ ያሉትን ሊንኮች ይሰበስባል፣ ከዚያም ሊንኮቹን ተከትሎ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። የተነበበው ሁሉ የትኛው ቃል የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ በሚያሳይ ግዙፍ ማውጫ ውስጥ ይገባል። አምስተርዳም የተቀመጠ ሰው «ሲሚየን ትሬኪንግ» ብሎ ሲጽፍ ጎግል በዚያች ቅጽበት ኢንተርኔቱን ሲያስስ አይገኝም፤ የሚያገላብጠው አስቀድሞ ያዘጋጀውን ማውጫ ነው። እዚያ ያገኛቸውን ገጾች በብዙ መለኪያ አወዳድሮ ፊትና ኋላ ያደርጋቸዋል።

አሁን ቦቱ አዲስ ሊንክ ያገኘባትን ሰዓት እናስብ። ገጹን ገና አልከፈተውም። በእጁ ያለው አድራሻው እና ሊንኩ የተንጠለጠለበት ቃል ብቻ ነው። አድራሻው ላይ «ቡይት-ራስ» የሚል ካለ ገጹ ስለ ምን እንደሚያወራ ትንሽ ፍንጭ ያገኛል። ከፍቶ ርእሱን፣ ንኡስ ርእሱን፣ አንቀጾቹን፣ የፎቶዎቹን መግለጫ ካነበበ በኋላ ግን ያች ፍንጭ ከዚህ ሁሉ ማስረጃ ጋር ስትተያይ እጅግ ትንሽ ትሆናለች። የጎግል ባለሙያዎችም በተደጋጋሚ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ የአድራሻ ቃል በጣም ቀላል መለኪያ ነው፣ የሚረዳውም በዋናነት ይዘቱ ገና ሳይነበብ ነው። ድርጅቱ ለጀማሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ ደግሞ በዶሜንም ሆነ ከእዝባሩ በኋላ ያለ ቁልፍ ቃል ብቻውን ደረጃ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ለየት ያለ ጥቅም ተብሎ የተጠቀሰው ከውጤቱ ርእስ በላይ በምትታየው የአድራሻ መስመር ላይ ቃሉ መታየቱ ነው። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በስልክ ለሚፈልግ ሰው ቀርቷል፤ ስልክ ላይ አሁን የሚታየው ዶሜኑ ብቻ ነው።

አድራሻ ታፔላ ነው። «ምርጥ ክትፎ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቤት ሁሉ ክትፎው አይጣፍጥም፤ ጎግልም ታፔላ አንብቦ የሚመለስ እንግዳ አይደለም። ገብቶ ይቀምሳል፤ በልተው የወጡት ምን እንደሚሉም ይሰማል።

እምነቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ያመኑበትንም ሰዎች አልወቅስም። አንድ ዘመን ይሠራ ነበር። ሰው ጎግል ላይ የሚጽፈውን ሐረግ ቃል በቃል ዶሜን አድርጎ ያስመዘገበ ሰው፣ ገጹ ላይ ሁለት ሦስት ባዶ አንቀጽ ቢያስቀምጥ እንኳ ከፊት ይሰለፍ ነበር። ይህን አይተው ሐረግ እየለቀሙ የሚያስመዘግቡና የሚሸጡ በዙ። በመስከረም 2005 ዓ.ም. በጎግል ውስጥ የማጭበርበሪያ ድረ ገጾችን የሚከላከለውን ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ ለውጥ መደረጉን አስታወቀ፤ ዶሜናቸው ከሚፈለገው ሐረግ ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ ከፊት የተቀመጡ ጥራት የሌላቸው ገጾች ወደ ኋላ እንደሚሉ ተናገረ። ለውጡ አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 0.6 በመቶውን በሚታይ መልኩ እንደሚነካ ተገልጾ ነበር። ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ምክሩ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ይሸጣል።

ታዲያ አድራሻ ምን ቢል ግድ የለም ማለት ነው? ግድ አለው፤ ግን ለሰው ነው። ብዙዎቻችን ሊንክ የምንቀበለው በቴሌግራም ነው። ሚስት ለባሏ፣ አስጎብኚው ለእንግዳ፣ እንግዳው ለጓደኞቹ ይልካል። በጥያቄ ምልክትና በቁጥር የተሞላ አድራሻ የደረሰው ሰው ቫይረስ ይሆን ወይ ብሎ ያመነታል። «ቡይት-ራስ-ሳንቃበር» የሚል ሲያይ ግን ምን እንደሚከፍት ያውቃል። አድራሻውን አንድ ጸሐፊ ራቁቱን ገልብጦ ገጹ ላይ ቢለጥፈው ደግሞ በአድራሻው ውስጥ ያለው ቃል ራሱ የሊንኩ ጽሑፍ ይሆናል፤ ጎግል የሊንክን ጽሑፍ አንብቦ ይጠቀምበታል። በዚህ በኩል ቃሉ በተዘዋዋሪ ትንሽ ያግዛል።

አጻጻፉ ላይ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ቃላቱን በሰረዝ መለየት ነው፤ ጎግል የሚመክረው ሰረዝን እንጂ ከሥር የሚሰመረውን መስመር አይደለም። ክፍት ቦታ ከተተወ አድራሻው ውስጥ %20 የሚል እንግዳ ነገር ይገባል። የእንግሊዝኛ ፊደሉ በሙሉ ትንሹ ይሁን፤ ከእዝባሩ በኋላ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሦስት አራት ቃል ይበቃል።

ቃል የሞላበት አድራሻ አንባቢን ሊያሳስት እንደሚችል ደግሞ ወደ አገራችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይታያል። የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ አድራሻ «ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው፤ አጭር ነው፣ «ኢትዮጵያ» የሚል ሙሉ ስም እንኳ የለበትም። ጎግል ላይ የኢትዮጵያ ቪዛ ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን «ኢትዮጵያ»ም «ቪዛ»ም በስማቸው ላይ በደማቁ የተጻፈባቸው የግል አማላጆችም ይመጡበታል፤ በመንግሥት ክፍያ ላይ የራሳቸውን የአገልግሎት ዋጋ ይጨምራሉ። እንግዶቻችሁን አድራሻ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲያነቡ አስተምሯቸው። ከመጀመሪያው እዝባር ቀጥሎ በግራ በኩል «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ካለ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ይህ ከሌለ ግን ከፊት የተደረደረው ቃል ምንም ቢያምር ማንም ሊጽፈው ይችላል። ይህችን አንዲት ነገር በገጻችሁ ላይ ብታስረዱ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ሳይደርስ ገንዘቡን የሚያጣ እንግዳ ይቀንሳል፤ ጎግል የሚወደውም እንዲህ ያለ ጠቃሚ ገጽ ነው።

አድራሻውን በራሳችን ፊደል ብንጽፈውስ? ይቻላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያም የየገጹን አድራሻ በግዕዝ ፊደል ነው የሚጽፈው። ጎግልም ያነበዋል፤ እንዲያውም አድራሻ በአንባቢው ቋንቋ ቢሆን ጥሩ ነው ይላል። ችግሩ ሲገለበጥ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ ከሥሩ የተሠራው ለላቲን ፊደልና ለቁጥር ስለሆነ ሌላው ፊደል ሁሉ በፐርሰንት ምልክትና በኮድ ተተክቶ ይሄዳል። አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ % እና ሁለት ምልክት ይሆናል። «ቡ» ብቻዋን %ኢ1%89%ኤ1 ትሆናለች፤ «ኢ» እና «ኤ» ያልኳቸው በላቲኑ የሚጻፉ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ቀጥለው የሚመጡት «ይ»ም «ት»ም «ራ»ም «ስ»ም በዚያው በ%ኢ1 ይጀምራሉ። «ቡይት-ራስ» የሚለው አምስት ፊደልና አንድ ሰረዝ እንዲህ ተተርትሮ 46 ምልክት ይወጣዋል፤ በላቲን ቢጻፍ 9 ነበር። «ሰሜን-ተራሮች» 64 ይደርሳል። በስልኩ የላይኛው ሣጥን ላይ አማርኛ ሆኖ ያማረው አድራሻ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ማንም የማያነበው የፐርሰንት ጫካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኔ ምክር ይኸ ነው፦ ገጹ በአማርኛ ይጻፍ፣ ርእሱም በአማርኛ ይሁን፣ አድራሻው ግን አጭር ላቲን ይሁን። በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ጎግል የሚያመሳክረው የገጹን ርእስና ጽሑፍ ነውና የሚጎድልበት ነገር የለም።

ላቲኑን ስንመርጥ ደግሞ የአጻጻፍ ጣጣ ይመጣል። ዩኔስኮ «ሲሚየን» ብሎ የሚነበበውን አጻጻፍ ይጠቀማል፤ ሌላው «ሴሚየን» ይላል፣ ሌላው «ሲመን»። ለእንዲህ ያለ የታወቀ ስም ጎግል ሁሉም አንድ መሆናቸውን ለይቷል፤ በአንዱ የጻፈ ሰው በሌላው የተጻፈውንም ያገኛል። ራስ ደጀንን ፈረንጆቹ «ራስ ዳሽን» ይሉታል። እዚህ ላይ «ዳሽን» የምትለዋን ቃል ብቻ አድራሻው ላይ አስገብቶ የሚጠብቅ ሰው የሚጋፋው ከዳሽን ባንክና ከዳሽን ቢራ ጋር ነው፤ በዚህ ግፊያ ውስጥ የአድራሻ ቃል ፋይዳ የለውም።

የቡይት ራስ ነገር ለየት ይላል። ስሙ በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ ሁለት ቃል፣ ሌላው ጋ አንድ ቃል ነው፤ አንዱ «ይ»ን ይጽፋታል፣ ሌላው ይውጣታል። ስለ ቦታው የተጻፈው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ጎግል እነዚህን አጻጻፎች አንድ አድርጎ የሚያይበት ማስረጃም እንደ ሲሚየን አልበዛለትም። መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፍ አድራሻው ላይ መደርደር አይደለም። ብዙ ሰው የሚጽፈውን አንዱን ለአድራሻው መምረጥ፣ የቀሩትን ግን በገጹ ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሯዊ አረፍተ ነገር አንድ ጊዜ መጥቀስ ነው፤ «በካርታዎች ላይ እንዲህና እንዲህም ተብሎ ይጻፋል» ማለት ይበቃል። የጅንባር ፏፏቴም እንዲሁ ነው። እንዲህ ባሉ ትንንሽ ስሞች ላይ ተወዳዳሪው ጥቂት ነውና ደባርቅ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ትልልቆቹን የአዲስ አበባና የአውሮፓ አስጎብኚ ድርጅቶች ሊቀድም የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወጣት አስጎብኚ ስልኩን ከፍቶ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ይኸን አድራሻ ትቼ ‹ሲሚየን› ያለበት ሌላ ላውጣ?» ሲል ጠይቆኛል። የእሱ ድረ ገጽ ስም የአያቱ ስም ነበር፤ አጭር፣ ለማንበብ ቀላል፣ እንግዶቹም የለመዱት።

«አትቀይረው» አልኩት።

«ሰዎች ቀይር አሉኝ እኮ።»

«የቀድሞ እንግዶችህ በየጽሑፋቸው ላይ የጠቀሱህ በዚህ ስም አይደለም ወይ?»

ምክንያቱ ይኸው ነው። እንግዳ አገሩ ገብቶ በጉዞ ማስታወሻው ላይ የሚያኖራት ሊንክ፣ የመንገድ መጽሐፍ ውስጥ የታተመች አድራሻ፣ በጓደኛ ስልክ ውስጥ የተቀመጠች መልእክት፣ ሁሉም የሚጠቁሙት የድሮውን ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጡት ሊንኮች ጎግል ላይ ከማንኛውም የአድራሻ ቃል የከበደ ምስክርነት ናቸው። አድራሻው ሲቀየር እነዚህ ሁሉ ባዶ በር ያንኳኳሉ፤ 404 የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የግድ መቀየር ካለበት ከድሮው ወደ አዲሱ በቋሚነት የሚመራ 301 የሚባል ማዞሪያ ይተከላል፤ ሠሪው ይህን ካልተከለ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያውም አልደረሰም። የድሮውንም ዶሜን ክፍያ ሳያቋርጡ መያዝ ያሻል። ሌላ ሰው ቢይዘው የእናንተን እንግዳ ይቀበልበታል።

ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፋት አጭር ማሳሰቢያ የተከራከረው ለዚህ ነበር፤ ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ ነው፣ ስለዚህ የሚለወጥ ነገር አትጻፍበት ይላል። የእኛ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ገጹ «አደጋ-ላይ-ያለው-ፓርክ» የሚል ስም ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አድራሻው ራሱ ውሸታም ይሆን ነበር። 9 ቁጥር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ አልተነቃነቀችም። ዋጋ፣ «አዲስ»፣ «የዘንድሮ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ዓመተ ምሕረት ደግሞ በእኛ አገር ድርብ ጣጣ አለው። «2017» ብሎ የጻፈ ደባርቄ በእኛ አቆጣጠር ቆጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በርሊን ያለው አንባቢ ግን ብዙ ዓመት ያለፈበት የዋጋ ዝርዝር መስሎት ገጹን ይዘጋዋል። ዓመቱ በጽሑፉ ውስጥ ይግባ፣ በሁለቱም አቆጣጠር።

ዶሜኑ በምን ይለቅ የሚለውም ይጠየቃል፤ በ«ኮም» ወይስ በ«ኢቲ»? ኢቲ የኢትዮጵያ ነው፤ በኢትዮ ቴሌኮም ይተዳደራል። ጎግል የአገር መለያን ገጹ በዋናነት የታሰበው ለዚያ አገር ሰው እንደሆነ ጠንካራ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ደባርቅ ላይ የቤት ዕቃ ለሚሸጥ ይህ ጥሩ ነው። ደንበኞቹ ጀርመንና ሆላንድ ላሉ አስጎብኚ ግን «ኮም» ይሻለዋል ባይ ነኝ። ደንበኛው ጎንደር ደርሶ በስልኩ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ከዶሜኑ ይልቅ ጎግል ካርታ ላይ ቢሮውን በትክክል ማስመዝገብ ይጠቅመዋል፤ ይህ በነፃ ነው።

የቀረው የሚሠራው ነገር ነው፤ ገጹ። ስለ ሰሜን ተራሮች በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ገጾች ብዙዎቹ አንዱ ከአንዱ የተገለበጡ ናቸው፤ ያንኑ ከፍታ፣ ያንኑ የዋልያ ፎቶ፣ ያንኑ ውዳሴ ይደግማሉ። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ እንኳ የድሮውን ጽሑፍ እየገለበጠ እንግዳው በመንደሩ ሕይወት መካከል እንደሚያልፍ የሚተርክ ጸሐፊ አይጠፋም። ይህን የሚያርመው በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀውን ጎግል ከሌላ ከማንም አያገኘውም።

ለምሳሌ ቡይት ራስን እንውሰድ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይግጣሉ። ብዙ እንግዳ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደባርቅ ይደርስና በዚያው ቀን ይመለሳል፤ የሚጠይቀውም «በአንድ ቀን ጭላዳ አያለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ያንን ጥያቄ ርእስ ያደረገ ገጽ፣ ከደባርቅ ቡይት ራስ ለመድረስ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የመግቢያ ክፍያው የት እንደሚከፈል፣ ስካውት (የፓርኩን ታጣቂ ጠባቂ) መያዝ ግዴታ መሆኑን፣ በቅሎ ማን እንደሚያቀርብ፣ ጧት ስንት ሰዓት ላይ መድረስ እንደሚሻል፣ ጭጋግ በሚበዛባቸው ወራት ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚናገር ገጽ፣ እግረኛው ከቡይት ራስ ተነሥቶ ሳንቃበር ካምፕ ሲደርስ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያጥረው እንኳ የሚያስጠነቅቅ ገጽ፣ አድራሻው ምንም ይሁን ምን ተፈላጊ ነው። ዛሬ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው መንገዱ ሰላም ነው ወይ የሚለው ነው። ለእሱ ቀን ተጽፎበት፣ በየጊዜው እየታደሰ፣ ያልሆነውን ሆነ ሳይል የሚመልስ አንድ አንቀጽ ከአሥር ቁልፍ ቃል ይበልጣል። እንግዳው ሕይወቱን አምኖ የሚመጣው በዚያ አንቀጽ ነውና።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንደመጡ መገመት አያስፈልግም። ጎግል «ሰርች ኮንሶል» የሚባል ነፃ መሣሪያ አለው። ድረ ገጹ የእናንተ መሆኑን በአንድ ኮድ ካረጋገጣችሁ በኋላ ሰዎች የጻፉትን ሐረግ፣ ገጻችሁ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደከፈተው፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደቆማችሁ ያሳያል። ክረምት ላይ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ተቀምጣችሁ ዝርዝሩን አንብቡት። ብዙ ጊዜ የታየ ግን ማንም ያልከፈተው ሐረግ ካለ ርእሱ መስተካከል ያለበት ገጽ አለ ማለት ነው። ሰዎች እየጠየቁት እናንተ ገና ያልጻፋችሁለት ጥያቄ ካገኛችሁ ደግሞ ለእሱ ራሱን የቻለ ገጽ ክፈቱለት፤ የገጹንም ስም ከእዝባሩ ቀጥሎ በሦስት ቃል ጻፉት።